ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ የበላው ሲያመውስ?

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ስለ ሰው ጠባይ ቢሆንም፥ ስለ ውሻውም አንድ እውነት ይዟል፤ ውሻ ለጥበቃው የሚከፈለው ደመወዝ ምግብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ደመወዝ ነው። ይኸውም ውሻ ሆዱን ሲታመም ምን መብላት እንደሚገባው፥ ይህም ጉዳይ ከደብረ ታቦርና ከደቡብ ጎንደር ደጋ ቤተ ሰብ ጤና ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ለማስረዳት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሰው ሳይጠግብ የውሻ ምግብ ምን ቁም ነገር አለው?» ብለው ሳይስቁብን አይቀሩም። መልሳችን አጭር ነው። በጉና ተራራ ሥር፥ በፋርጣና በጋይንት ያለው ገበሬ በግ ያረባል፤ ሌሊት በረቱን ከጅብ የሚጠብቅለት ውሻው ነው። ውሻው ታሞ በተኛበት ሌሊት በረቱ ያለ ዘብ ያድራል። እንግዲህ የምንናገረው ስለ ቅንጦት ሳይሆን ስለ ገበሬው ሀብት ነው። ከዚህም የሚከብድ ምክንያት አለ፤ እርሱን ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን።

በመጀመሪያ የደጋ ውሻ ዓመቱን ሙሉ ምን እንደሚበላ እንመልከት። የዘወትር ምግቡ የሰው ትራፊ ነው፤ የእንጀራ ፍርፋሪ፥ የገብስ ቂጣ፥ የድንች ልጣጭ፥ የወጥ እጣቢ። የተኩላ ዘመድ ሆኖ ሳለ በእህል መኖር የቻለው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዘር ጥናት እንደሚያስረዳው፥ የእህልን ስታርች ለመፍጨት የሚያገለግለው ዘረ መል በተኩላ ሁለት ቅጂ ብቻ ሲኖረው፥ በውሻ ግን ቅጂው እጅግ በዝቶ ተገኝቷል። ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ ሆዱም ከሰው ማዕድ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው።

ሆዱን የሚያውከው ብዙ ጊዜ የምግቡ ድንገተኛ ለውጥ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን በጿሚ ቤት በግ አይታረድም፤ ውሻውም ሳይወድ በግድ አብሮ ይጾማል። የፋሲካ ዕለት ግን በየደጁ በግ ይታረዳል፤ ሞራው፥ አንጀቱ፥ ሳምባውና አጥንቱ በአንድ ጊዜ ለውሻ ይጣላል። በአንጀት ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ከለመዱት ምግብ ጋር የተስማሙ ስለሆኑ፥ ምግቡ በአንድ ቀን ሲገለበጥ ሚዛናቸው ይናጋል። በደንብ ያልተፈጨው ምግብ ደግሞ ውሃ ወደ አንጀት እየሳበ ተቅማጥ ያመጣል። የስብ ብዛት ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ቆሽቱ የተቆጣበት ውሻ ያስታውካል፥ ሆዱን ይቆርጠዋል፥ ምግብም እምቢ ይላል። ሕመሙ ሲጠና ይገድለዋል።

ሌላው ዓለም ለዚህ ያገኘው ዘዴ «የታዘዘ ምግብ» ይባላል፤ ሐኪም እንደ መድኃኒት መርምሮ የሚያዝዘው ምግብ ነው። አጀማመሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ማርክ ሞሪስ የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም፥ ባዲ ለሚባል የዓይነ ስውር መሪ ውሻ፥ ኩላሊቱ ስለ ታመመ ልዩ ምግብ አዘጋጀለት። እ.ኤ.አ. በ1948 በካንሳስ ግዛት በቶፒካ ከተማ የነበረው የሂል ኩባንያ ምግቡን በቆርቆሮ እያሸገ ለገበያ ማቅረብ ጀመረ።

ለሆድ ሕመም የሚታዘዘው ምግብ በሦስት ዋና ዋና ክፍሎች ይመደባል። አንደኛው ስቡ ያነሰና በቀላሉ የሚፈጭ ነው። ሁለተኛው፥ የውሻው ሰውነት እንደ ጠላት እንዳይቆጥረው ፕሮቲኑ አስቀድሞ እጅግ በጥቃቅኑ የተቆራረጠ ነው። ሦስተኛው ለትልቁ አንጀት ሕመም የሚረዳ ገለባ የበዛበት ነው። ለረጅም ጊዜ ተቅማጥ ከማይለቃቸው ውሾች ብዙዎቹ ምግባቸው በመለወጡ ብቻ ይድናሉ። ይህ የሚሆነው ግን ከታዘዘው በቀር ሌላ ነገር ወደ አፋቸው ካልገባ ነው፤ አንድ ጉርሻ የሳምንታትን ድካም ከንቱ ሊያደርግ ይችላል።

የታሸገው ምግብ ለደጋው ገበሬ የሚቀመስ አይደለም። ነገር ግን ቆርቆሮው ሌላ፥ በውስጡ ያለው ሐሳብ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሐሳብ ስቡን ቀንሶ፥ አልሞ፥ ጥቂት በጥቂት ማብላት ነው፤ ይህንንም በአገር ውስጥ እህል መፈጸም ይቻላል። ከደብረ ታቦር ወደ ጣና ሲወርዱ በወረታ ዙሪያ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በሩዝ የታወቀ ነው። ሩዙን ያለ ጨው፥ ያለ ዘይትና ያለ ቅመም እስኪልም መቀቀል ነው። በሁለት እጅ ሩዝ ላይ አንድ እጅ ጮማ የሌለው ቅቅል ሥጋ ወይም የተቀቀለ ዕንቁላል ይጨመርበታል። ሩዝ ከታጣ ልጣጩ ተነሥቶ የተቀቀለ ድንች ይተካዋል።

ይህን በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መስጠት፥ ንጹሕ ውሃም ምንጊዜም ማቅረብ ያስፈልጋል። ዓይነ ምድሩ ሲጠነክር የቀድሞ ምግቡን ከ5 እስከ 7 ቀን በሚሆን ጊዜ ውስጥ እየቀላቀሉ መመለስ ነው። ቀድሞ ሐኪሞችም ተቅማጥ የያዘውን ውሻ አንድ ቀን ያስርቡት ነበር። ዛሬ ግን የአንጀት ግድግዳ ራሱ በውስጡ ከሚያልፈው ምግብ ስለሚመገብ፥ ቶሎ ጥቂት ማብላቱ እንደሚጠቅም ታውቋል። ቡችላንማ ፈጽሞ ማስራብ አይገባም። ይሁን እንጂ ሩዝና ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ስለሚጎድለው የዘወትር ምግብ መሆን አይችልም።

የሚከለከለውን ማወቅ ከሚሰጠው አያንስም። በወጥ ውስጥ ያለው ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳል። ወተት፥ አድጎ ጡት የተወን ውሻ ብዙ ጊዜ ያስቀምጠዋል። የተቀቀለ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። አረንጓዴ የሆነ የድንች ልጣጭም መርዝ አለበት።

ምግብ የማይፈውሰውም አለ። ተቅማጡ ከወስፋት፥ ከመንጠቆ ትል ወይም ቡችሎችን ከሚፈጅ ቫይረስ የመጣ ከሆነ፥ ሩዝ ትሉንም ቫይረሱንም አይገድልም። ደም የተቀላቀለበት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዓይነ ምድር፥ የማያቋርጥ ትውከት፥ የቡችላ ተቅማጥ፥ እነዚህ ሁሉ ያለ መዘግየት ወደ እንስሳት ሐኪም የሚያስኬዱ ናቸው። መዋጥ አቅቶት ለሃጩን የሚያዝረበርብ፥ ጠባዩም የተለወጠ ውሻ ሲገኝ ደግሞ «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብሎ እጅን ወደ አፉ መስደድ ሞትን መጥራት ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ እንዲሁ ይጀምራልና።

አሁን ወደ ከባዱ ምክንያት ደርሰናል። በፋሲካ ዕለት ለውሻ የሚጣለው ጉበትና ሳምባ አንዳንድ ጊዜ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለበት፤ በየቄራው ያሉ የሥጋ መርማሪዎች ያውቁታል። ከረጢቱ ኤኪኖኮከስ የሚባል፥ ቁመቱ ከጥቂት ሚሊሜትር የማይበልጥ ትል ማደሪያ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። በግ ከሣሩ ጋር ይግጠዋል፤ ሕፃን ውሻውን በዳበሰበት እጁ ይጎርሰዋል። በሰው ጉበት ወይም ሳምባ ውስጥ ከረጢቱ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም። የሚያሳዝነው፥ ውሻው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ የሕመም ምልክት አያሳይም። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ከውሻው ያስወግዳል፤ ነገር ግን ያው ጥሬ ሳምባ ነገ ከተጣለለት ትሉ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ለደጋ ውሻ የመጀመሪያው የታዘዘ ምግብ የሚዘጋጀው ከመታመሙ በፊት፥ በጉ በሚታረድበት ሰዓት ነው። ከረጢት ያለበትን ዕቃ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ መቅበር ወይም ማቃጠል፥ ሌላውን ሞራውን ለይቶ ከግማሽ ሰዓት በላይ መቀቀል፥ ለውሻውም በአንድ ቀን ሳይሆን ከፍሎ በየቀኑ መስጠት ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ድስትና አንድ ጉድጓድ ነው።

በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በቢሾፍቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። ይሁን እንጂ ሐኪሙ በፋሲካ ሌሊት በየጓሮው ሊቆም አይችልም። እኛ ግን ለበዓል ወደየወላጆቻችን እንሄዳለን፤ ቢላዋው ሲሳል እዚያው ነን። ሳምባውን ለውሻ የሚወረውረው ብዙ ጊዜ ትንሽ ወንድማችን ነው። ከመወርወሩ በፊት ምክንያቱን እንንገረው፤ ድስቱንም እኛው እንጣድ።