የሞዴል ባቡር ሠሪዎችና መኖሪያቸው

የሞዴል ባቡር ማለት እውነተኛውን ባቡር፣ ሐዲዱን፣ ጣቢያውንና በዙሪያው ያለውን አገር በተወሰነ ምጥጥን አሳንሶ መሥራት ነው። በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካ፣ በጃፓንና በአውስትራሊያ ብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያቸው አድርገውታል። አንዳንዱ ለልጁ በገዛው መጫወቻ ይጀምርና ልጁ አድጎ ከቤት ከወጣ በኋላም ሳይተወው ይቀራል።

ሠሪዎቹ ሲተዋወቁ የት እንደሚኖሩ፣ ቤታቸው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በአካባቢያቸው ምን ባቡር እንደሚያልፍ ይነጋገራሉ። ይህ ለወግ ያህል ብቻ አይደለም። የባቡሩ መጠን፣ የመስመሩ ቅርጽ፣ የሚሠራው መልክዓ ምድር፣ አንዳንዴም ሥራው የሚፈርስበት ቀን የሚወሰነው በመኖሪያው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምጥጥንና የክፍል ስፋት

ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ምጥጥን ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንዳነሰ የሚገልጽ ቁጥር ሲሆን፣ የሐዲድ ስፋት ደግሞ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት ነው። በሰፊው የታወቀው ኤች ኦ የተባለው መጠን 1፡87 ነው፤ ሐዲዱ 16.5 ሚሊሜትር ይሰፋል። 16.5 በ87 ሲባዛ 1435.5 ይመጣል። የእውነተኛው ባቡር መደበኛ የሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊሜትር ስለሆነ ሒሳቡ ይገጥማል። ኤን የተባለው መጠን 1፡160፣ ሐዲዱ 9 ሚሊሜትር ነው። የጀርመኑ ሜርክሊን ኩባንያ በ1972 ያወጣው ዚ የተባለ መጠን 1፡220 ስለሆነ ሙሉ መስመር በአንድ የጉዞ ሻንጣ ውስጥ ሊዘረጋ ይችላል። ጂ የሚባለው ትልቅ መጠን ግን ብዙ ጊዜ የሚዘረጋው ከቤት ውጪ፣ በአትክልት ቦታ ነው።

ቁጥሮቹ ቤት ውስጥ ሲገቡ ነገሩ ይከብዳል። 26 ሜትር የሚረዝም የመንገደኛ ፉርጎ በ1፡87 ሲሠራ 30 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። ስድስት ፉርጎና አንድ ሎኮሞቲቭ ሲቀጣጠሉ ወደ 2 ሜትር ይጠጋሉ፤ እነሱን የሚያስተናግድ ጣቢያ የአንድ መኝታ ክፍል ግድግዳ ግማሹን ይበላል። ኩርባው ይብሳል። በመጫወቻነት የሚሸጠው ጠባብ ኩርባ ሬዲየሱ 36 ሴንቲሜትር ነው፤ በእውነተኛው ዓለም 31 ሜትር ማለት ነው፣ ረጅም ፉርጎ የሚጎትት ባቡር በዚያ ሊታጠፍ አይችልም። የ300 ሜትር ኩርባ በትክክል ላሳይ ያለ ሰው ደግሞ ባቡሩን አዙሮ ለመመለስ ብቻ ወደ 7 ሜትር የሚጠጋ ወርድ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ሁሉም ያሳጥራል። አንድ ኪሎሜትር በ1፡87 እንኳ 11.5 ሜትር ይሆናልና፣ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ያለውን ርቀት እንዳለ ያሳየ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጣቢያው ይቀራል፣ የመጫኛው መድረክ በግማሽ ያጥራል፣ ከአሥር ቤት ሦስቱ ይመረጣሉ። ሠሪው የአካባቢውን መልክ የሚያውቅ መሆኑ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ የትኞቹ ሦስት ቤቶች ቢቀሩ ነው የሰፈሩ ሰው አይቶ «ይህማ የእኛ ጣቢያ ነው» የሚለው?

እንግሊዝ፦ የአሮጌ ዋሻ ውጤት

በእንግሊዝ ባቡር ከሌላው ዓለም ቀድሞ ስለተሠራ ድልድዮቹና ዋሻዎቹ ጠባብ ናቸው። በዚህም ምክንያት የእንግሊዝ ባቡሮች፣ በመደበኛው ሐዲድ ላይ ቢሄዱም፣ ቁመታቸውና ወርዳቸው ከጀርመን ወይም ከአሜሪካ ባቡሮች ያንሳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ፋብሪካዎች በ1፡87 ሊሠሯቸው ሲሞክሩ የዘመኑ ኤሌክትሪክ ሞተር በትንሿ ሎኮሞቲቭ ውስጥ አልገባም አለ። መፍትሔው የባቡሩን አካል ወደ 1፡76 ማሳደግ፣ ሐዲዱን ግን በ16.5 ሚሊሜትር መተው ሆነ። ኦ ኦ የተባለው የእንግሊዝ መጠን እንዲህ ተወለደ፤ የሆርንቢ ኩባንያም ከ1938 ጀምሮ በዚህ መጠን ሸጧል።

የዚህ ዋጋ ዛሬም ይከፈላል። 16.5 በ76.2 ሲባዛ 1257 ሚሊሜትር ነው፤ ከእውነተኛው 178 ሚሊሜትር ይጎድላል። ከፊት ሲታይ ባቡሩ በቀጭን እግር የቆመ ይመስላል። አብዛኛው ሰው ይህን ችሎ ይኖራል። ጥቂቶች ግን አልዋጥላቸው ብሎ 18.83 ሚሊሜትር የሚሰፋ ሐዲድ በእጃቸው ይዘረጋሉ፣ የገዙትን ሎኮሞቲቭ ጎማም ይቀይራሉ።

የእንግሊዝ ቤት ሰፊ አይደለም፤ ምድር ቤት ያለውም ጥቂቱ ነው። ሠሪው ከኮርኒስ በላይ ያለውን ቦታ፣ የጓሮ መጋዘኑን ወይም በግድግዳ ላይ የተዘረጋ መደርደሪያ ይጠቀማል። በመደርደሪያ ላይ ዙሪያውን የሚሽከረከር መስመር ስለማይቻል የተለመደው ሥራ የአንድ ትንሽ የገጠር መስመር መጨረሻ ጣቢያ ነው። ባቡሩ ከጣቢያው ተነሥቶ በድልድይ ወይም በዛፍ ከተጋረደ ቀዳዳ ይገባል። ከጀርባው ባሉት የተደበቁ ሐዲዶች ላይ ሠሪው ፉርጎዎቹን በእጁ ቀያይሮ እንደ ሌላ ባቡር ይመልሰዋል።

የገጠር መስመር የሚመረጠው ግን ስለሚጠብ ብቻ አይደለም። በ1963 የወጣው የቢቺንግ ሪፖርት ከ2,000 በላይ ጣቢያዎችና ወደ 8,000 ኪሎሜትር የሚጠጋ መስመር እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበ፤ አብዛኛውም ተዘጋ። ሐዲዱ ተነቅሎ ቦታው መንገድ፣ የእግር መሄጃ ወይም የቤት ግቢ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩን ጣቢያ በሞዴል የሚሠራ ሰው ቆሞ የሚያየው ነገር የለውም። አሮጌ ካርታና ፎቶግራፍ ይሰበስባል፣ ጡረታ የወጡ ሠራተኞችን የበሩ ቀለም ምን እንደነበር፣ የድንጋይ ከሰል ፉርጎ በስንት ሰዓት ይመጣ እንደነበር ይጠይቃል። በዚህ መንገድ የተሠራ ሞዴል አንዳንዴ የጣቢያውን አቀማመጥ ሙሉ በሙሉ የሚያሳይ ብቸኛ ነገር ሆኖ ይቀራል።

ይህን አስቀድሞ የተገነዘበው ሮይ ኢንግላንድ ነው። በ1925 ከአውስትራሊያ ወደ እንግሊዝ የመጣው ባቡር ወድዶ ነበር። በኦክስፎርድ አቅራቢያ ባለው ሸለቆ ውስጥ ሲኖር ግን ሣር ክዳን ጎጆዎቹ እየተለወጡ፣ አሮጌው የመንደር ኑሮ እየጠፋ መሆኑን አየ። ቤቶቹን አንድ በአንድ እየለካ በ1፡76 መሥራት ጀመረ። በ1954 በሎንግ ዊተንሃም መንደር የተመሠረተው ፔንደን ሙዚየም ይህን ሥራ ይዞ በበጎ ፈቃደኞች እጅ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። እዚያ ባቡሩ የመልክዓ ምድሩ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ የ1930ዎቹ መንደር ከነአትክልቱና ከነአጥሩ ይታያል።

አሜሪካ፦ ምድር ቤቱ

በአሜሪካ፣ በተለይ ክረምቱ በሚበረታባቸው የሰሜንና የመካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች፣ ብዙ ቤቶች ከሥራቸው ሰፊ ምድር ቤት አላቸው። እንግሊዛዊው በመደርደሪያ ላይ አንድ ጣቢያ ሲሠራ አሜሪካዊው በምድር ቤቱ ከተማ፣ ተራራና የማዕድን ማውጫ እያገናኘ ረጅም መስመር ይዘረጋል። ጓደኞቹ ማታ ማታ ይሰበሰቡና እያንዳንዳቸው አንድ ባቡር ይዘው በሰዓት ሰሌዳ ይሠራሉ። ምድር ቤት በማይለመድበት በካሊፎርኒያ ደግሞ መኪናው ውጪ ያድርና ጋራዡ ለባቡሩ ይለቀቃል።

ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ ጆን አለን ነው። ፎቶ አንሺ ነበረ። በሞንተሬይ፣ ካሊፎርኒያ፣ በቤቱ ሥር ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርሱ የጀሶ ተራሮች ያሉት መስመር ለዓመታት ሠራ፤ ፎቶዎቹም በመጽሔት እየወጡ የብዙዎችን አሠራር ለወጡ። በጥር 1973 ሞተ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ቤቱ በእሳት ተያዘና መስመሩ ጠፋ። ዛሬ የሚታወቀው በፎቶዎቹ ነው። እሳት ባይነሣም የብዙዎቹ ዕጣ ተመሳሳይ ነው፤ ከግድግዳ ጋር ተበይዶ፣ በጀሶ ተለስኖ የተሠራ መስመር በበር አይወጣምና ሠሪው ቤት ሲቀይር ወይም ሲሞት ይፈርሳል።

ጃፓን፦ በተነጣፊ ሐዲድ

በጃፓን ከተሞች አፓርታማው ጠባብ ስለሆነ ኤን የተባለው መጠን ገበያውን ይመራል። ለተመሳሳይ ሥራ የሚያስፈልገው ቦታ ከኤች ኦ አንድ ሦስተኛ አይሞላም። ቋሚ ሰሌዳ የሌለው ሰው ሐዲዱን ምንጣፍ ላይ ገጣጥሞ ባቡሩን ካስኬደ በኋላ ማታ ፈትቶ በሣጥን ያስቀምጠዋል። በሰዓት እየተከፈለ ባቡር የሚነዳባቸው ሱቆችም አሉ፤ ደንበኛው ባቡሩን በቦርሳ ይዞ ይመጣል፣ ሐዲዱና ከተማው የሱቁ ነው።

ምጥጥኑም የአገሩን ታሪክ ይዟል። የጃፓን የቀድሞ መስመሮች ሐዲድ 1067 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚሰፋ ባቡሮቻቸው ትንንሽ ናቸው፤ በኤን ሲሠሩ 1፡150 ይደረጋሉ። በመደበኛው ስፋት የሚሄደው ሺንካንሰን ግን 1፡160 ነው። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ሐዲድ ይሮጣሉ።

ከየቤቱ የመጣን ማገናኘት

ቦታ የሌላቸው ሰዎች ያገኙት ጥሩ ዘዴ ሞጁል ነው። እያንዳንዱ ሰው በቤቱ አንድ ሰሌዳ ይሠራል፤ መካከሉን እንደፈለገ፣ የሁለቱን ጫፎች ከፍታና የሐዲድ አቀማመጥ ግን በተስማሙበት ልክ። ከዚያ በስፖርት አዳራሽ ተገናኝተው ሰሌዳዎቹን ይቀጥላሉ። በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ የተጀመረው ኤንትራክ እና በ1981 በጀርመን የተጀመረው ፍሬሞ የታወቁት ናቸው። በእንዲህ ዓይነት አዳራሽ የአንዱ የባሕር ዳርቻ ከሌላው የጥድ ጫካ ጋር ይገጥማል። አስቂኝ ይመስላል፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን አገር ይዞ የሚመጣበት መንገድ ነው።

ይህ ያለ ስታንዳርድ አይሆንም። በ1935 በሚልዋኪ ከተማ የተመሠረተው የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር የተቋቋመው የአንዱ ፋብሪካ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ አልሄድ ስላለ ነው። በ1990ዎቹ ማኅበሩ የጀርመኑን የሌንዝ ኩባንያ ሥራ መነሻ አድርጎ ዲጂታል መቆጣጠሪያን ስታንዳርድ አደረገ። ቀድሞ የባቡሩ ፍጥነት የሚወሰነው በሐዲዱ ቮልቴጅ ስለነበር በአንድ ሐዲድ ላይ ያሉ ሁሉ አብረው ይሄዱ ነበር። በዲጂታሉ ግን ሐዲዱ ኃይልም መልእክትም ይሸከማል፦ 58 ማይክሮሰከንድ የሚቆይ ምት 1፣ 100 እና ከዚያ በላይ የሚቆይ 0 ነው። እያንዳንዱ መልእክት የሎኮሞቲቩን አድራሻ፣ ትእዛዙንና በኤክስ ኦር የተሰላ የስሕተት ማረጋገጫ ይይዛል። የኔትወርክ ኮርስ የወሰደ ተማሪ ወዲያው ይገባዋል። የኔትወርክ ችግሩም አብሮ መጥቷል፤ አዲስ ሎኮሞቲቭ ከፋብሪካ ሲወጣ በተለምዶ አድራሻው 3 ስለሆነ፣ ሁለት እንግዶች አድራሻ ሳይቀይሩ አዳራሽ ከገቡ አንዱ ሲነዳ የሌላውም ይነሣል። ስለዚህ አድራሻ ከስብሰባው በፊት ይከፋፈላል።

በነገራችን ላይ የኮምፒውተር ሰዎች ለሞዴል ባቡር ባለዕዳ ናቸው። በኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ በ1940ዎቹ የተመሠረተው የሞዴል ባቡር ክበብ በጦርነቱ ጊዜ ለጊዜው ተብሎ በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ይሠራ ነበር። ከሰሌዳው ሥር ያለውን የስልክ ሪሌይና ሽቦ የሚያያይዙት አባላት ብልኃት ያለበትን ሥራ «ሃክ» ይሉት ነበር፤ ቃሉ ወደ ኮምፒውተር ዓለም የገባው በእነሱ በኩል ነው። ክበቡ ሕንፃው ሲፈርስ ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ መስመሩን ከዜሮ ጀመረ።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በሞዴል ሒሳብ

ከ1897 ጀምሮ ተሠርቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው መስመር ሐዲዱ አንድ ሜትር ይሰፋል። ይህ በ1፡87 ሲሰላ 11.5 ሚሊሜትር ነው፤ በገበያ ያለው ባለ 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ይበቃዋል። ይህ ሐዲድ ኤች ኦ ኤም ይባላል፤ የሚሸጠውም በብዛት ባለ አንድ ሜትሩን የስዊዘርላንድ ተራራ ባቡር ለሚሠሩ ነው። ወደ 784 ኪሎሜትር የሚሆነው መስመር በሙሉ ቢሠራ 9 ኪሎሜትር ስለሚወስድ ሠሪው መምረጥ ግድ ይሆንበታል፦ የድሬዳዋ ጣቢያና የጥገና ቦታው፣ ወይም ለገሃር ከፊቱ ካለው የአንበሳ ሐውልት ጋር። ሰሌዳው ከኮምፔርሳቶ፣ ኮረብታው ከጀሶ፣ ሣሩ ቀለም ከተነከረ ሰጋቱራ ይሠራል፤ እነዚህን መርካቶ የማያጣቸው ሲሆን ሞተሩና ሐዲዱ ግን ከውጭ መምጣት አለባቸው።

በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር መደበኛ ስፋት ስላለው በተለመደው 16.5 ሚሊሜትር ሐዲድ ይሠራል። ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ ላይ ማሳየት የፈለገ ሰው ሁለት ዓይነት ሐዲድ ጎን ለጎን መዘርጋት አለበት፤ እንደ እውነተኛው ሁሉ የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም።