ረሃብና ጥጋብን የሚያዝዘው ማን ነው?

የወፈረን ሰው «ተመችቶታል» ወይም «ሆዳም ነው»፣ የከሳውን ደግሞ «ተጎድቷል» ማለት በገጠርም በከተማም የተለመደ ነው። ሳይንስ ግን የምግብ ፍላጎትና የሰውነት ክብደት በሰው ፈቃድ ብቻ እንደማይወሰኑ ያስረዳል። ዋናው ተቆጣጣሪ አንጎል ነው።

በአንጎል ግርጌ ሃይፖታላመስ የተባለ ትንሽ ክፍል ይገኛል። ይህ ክፍል ከጨጓራ፣ ከአንጀትና ከስብ ክምችት የሚላኩ መልእክቶችን ተቀብሎ የረሃብን ወይም የጥጋብን ስሜት ይቀሰቅሳል።

አሠራሩን አርሶ አደሩ በጎተራው ሊረዳው ይችላል። አስተዋይ አባወራ የጎተራውን ይዞታ አይቶ ፍጆታውን ይመጥናል። ስብም የሰውነት ጎተራ ነው። ይዞታውን ለአንጎል የሚነግረው ከስብ ሕዋሳት የሚመነጨው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ነው። ስብ ሲበዛ ሌፕቲን ይጨምራል፤ ሲያንስ ይቀንሳል።

ሌፕቲንን የሚያሠራው ዘረመል የታወቀው እ.ኤ.አ በ1994 በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ፣ ጄፍሪ ፍሪድማን በሚመሩት ቡድን ነው። ቡድኑ ያለ ልክ የሚበሉና የሚወፍሩ አይጦችን መረመረ። አይጦቹ ሌፕቲን መሥራት አይችሉም ነበር። ስባቸው ሞልቶ ሳለ አንጎላቸው ጎተራው ባዶ እንደሆነ ይቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ በ1999 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ግሬሊን የተባለውን ሆርሞን አገኙ። ግሬሊን በብዛት ከጨጓራ ይመነጫል፤ ከምግብ በፊት ጨምሮ ረሃብን ይቀሰቅሳል፤ ከተበላ በኋላ ይቀንሳል።

ታዲያ ክብደት መቀነስ ለምን ይከብዳል? ሰው ሲከሳ ሌፕቲን ይቀንሳል፤ ረሃብ ይበረታል፤ ሰውነትም ጉልበት መቆጠብ ይጀምራል። በችግር ዘመን ሕይወትን የሚያቆየው ይህ ጥበቃ ክብደቱን ለመቀነስ የሚጥረውን ሰው ይፈትነዋል። ብዙዎች የቀነሱትን ክብደት መልሰው የሚጨምሩት በስንፍና አይደለም።

ከልክ በላይ የወፈሩ አብዛኞቹ ሰዎች የሌፕቲን እጥረት የለባቸውም። እንዲያውም ሌፕቲናቸው ብዙ ነው፤ አንጎላቸው ግን መልእክቱን በሚገባ አይቀበልም። በዚህ ምክንያት ሌፕቲን በመርፌ መስጠት ለእነርሱ እምብዛም አልጠቀመም። በተፈጥሮ ሌፕቲን ያጡ ጥቂት ሕጻናት ግን በዚሁ ሕክምና የምግብ ፍላጎታቸው ተስተካክሏል።

ስለዚህ ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ራሱን በድንገት ከማስራብ ይልቅ ሊዘልቅበት የሚችለውን የአመጋገብ ለውጥ ቀስ በቀስ ቢያደርግ፣ ቢንቀሳቀስና በቂ እንቅልፍ ቢያገኝ ይመረጣል። ያለ ታወቀ ምክንያት የሚከሳ ሰውም «ተጎድቷል» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የስኳር ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል።