ከሱቅ የሚታየው ካሜራ ከቤት ለምን እምቢ ይላል?

አጎቴ መርካቶ ሸማ ተራ ሱቅ አላቸው። ከእራት በኋላ ስልካቸውን አቀበሉኝና «እስቲ ይቺን እይልኝ» አሉ። ሱቅ ሲሆኑ የሱቁ ካሜራ ጥርት ብሎ ይታያቸዋል፤ ቤት ሲገቡ ግን የለም። አድራሻውን እንኳ በእስክሪብቶ ጽፈው ኪሳቸው ይዘው ነበር፦ 192.168.1.64።

ቁጥሩ አልተሳሳተም። አንድ የመርካቶ ሕንፃ ገብታችሁ «64 ቁጥር የቱ ጋ ነው?» ብትሉ ጥበቃው በእጁ ያሳያችኋል። ያንኑ ቁጥር ይዛችሁ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ግን የማታውቁት ሰው ሱቅ ፊት ትቆማላችሁ። በ192.168 የሚጀምር አድራሻም የውስጥ ቁጥር ነው። በ10 የሚጀምሩትና ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትም እንደዚያው፤ ማንም ሳያስፈቅድ በየግቢው እንዲጠቀምባቸው በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ የኢንተርኔት ሰነድ ተለይተዋል። የቀድሞው የኢንተርኔት አድራሻ አሠራር (IPv4) ያለው 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ብቻ ስለሆነ ለየስልኩና ለየካሜራው አይዳረስም። እናም አጎቴ ቤታቸው ሆነው 64ን ሲጠሩ፣ ስልካቸው የሚፈልገው እዚያው ሳሎናቸው ውስጥ ነው።

ታዲያ ከውስጥ ቁጥር ሆነን ኢንተርኔት እንዴት እናገኛለን? ራውተሩ በር ላይ መዝገብ ይዞ እንደቆመ ሰው ነው። የሚወጣውን ጥያቄ በራሱ አድራሻ ይልከዋል፣ የማን እንደሆነ ይመዘግባል፣ መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ያደርሳል። መዝገቡ ላይ የሌለ እንግዳ ከውጭ ቢያንኳኳ አያስገባም።

የአጎቴ ሱቅ ራውተር ደግሞ ሲም ካርድ የሚገባበት ነው። ገጹን ከፍተን ስናየው፣ ከቴሌኮሙ የተሰጠው አድራሻ ራሱ በ10 ይጀምራል። ሕንፃው በሌላ ትልቅ ግቢ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ የዚያ ግቢ በር ደግሞ የቴሌኮሙ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራ ተብሎ ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ተጨምሯል። እንዲህ ያለ ቁጥር ያየ ሰው «ፖርት እከፍትልሃለሁ» ለሚለው ባለሙያ ገንዘቡን አይስጥ። የሚከፈተው የሱቁ በር ብቻ ነው፤ የውጭው እንደተዘጋ ይቀራል።

መፍትሔው ከውስጥ መውጣት ነው። መውጣት አይከለከልምና የካሜራውን ምስል የሚቀዳው ሣጥን፣ ዲቪአሩ፣ ራሱ ወጥቶ የአምራቹ ሰርቨር ላይ ይጠብቃል፤ ስልኩም እዚያው ይመጣና ይገናኛሉ። መጀመሪያ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ቀየርን፤ ይህን ሳያደርግ ካሜራውን ከውጭ የሚያገናኝ ሰው ሱቁን ለማንም አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ከዚያ ዲቪአሩ ሥር የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ በስልክ አነሳን፤ ሱቁ ወዲያው መጣ፣ ጣቃዎቹ እንደተደረደሩ።

አጎቴ ወረቀቷን ሊቀዷት ሲሉ ያዝኳቸው። ሱቅ ውስጥ ከዋይፋዩ ጋር እስከተገናኙ ድረስ በዚያች ቁጥር ሲያዩ ምስሉ ከግቢው አይወጣም፤ ዳታ አይቆጥርም፣ ፓኬጁ ቢያልቅም ይሠራል። ስልኩ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ ሊወጣ ሲጠይቅ ብቻ፣ እንዲቆይ ማዘዝ ነው።

ወረቀቷን አጥፈው ወደ ደረት ኪሳቸው መለሷት።