ፕሪንተሩ ዝም ስላለ ኮምፒውተሩ ፎርማት አይደረግም

በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ ኮፒ ቤቶች በተለይ ሰኔ ሲገባ የሚደጋገም ነገር አለ። ተመራቂው የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ጸሐፊዋ ፕሪንት ታዛለች፤ መሃል ላይ መብራት ይሄዳል። መብራቱ ሲመጣ ፕሪንተሩ አረንጓዴ አብርቶ ቁጭ ይላል፤ ወረቀት ግን አያወጣም። ቴክኒሽያን ይጠራል፤ እሱም ነካ ነካ አድርጎ «ሲስተሙ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ» ይላል። ይህ ፍርድ ሲፈጸም አይቻለሁ። ዴስክቶፑ ላይ የነበረው የደንበኞች ጽሑፍ፣ ተተይቦ ባለቤቱ ያልወሰደው ማመልከቻ፣ ሁሉም ጠፋ። ሲስተሙ ግን አንዳች አልሆነም ነበር።

እምነቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ዊንዶውስ ላይ ፍላሽ ይዞት የሚመጣው ቫይረስ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት ሲያደርገው፣ ብዙ ሰው ያገኘው መፍትሔ ፎርማት ነበር። ደግሞም ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር ፕሪንተሩ እንደገና ሲጫንለት ያትማል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል። ከዚያ ቫይረስ ለመሸሽ ብሎ ኡቡንቱ ወይም ሚንት የሚባለውን ሊኑክስ በጫነ ሱቅ ውስጥ ግን ያንኑ መድኃኒት ማዘዝ ሰውን መጉዳት ነው።

እውነታው ይህ ነው። ሊኑክስ ላይ ፕሪንት ስትሉ ፋይሉ በቀጥታ ወደ ፕሪንተሩ አይሄድም። ካፕስ የሚባል ፕሮግራም ተቀብሎ ዲስክ ላይ ወረፋ ያስይዘዋል። ካፕስ ማይክል ስዊት የጻፈው፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ሥራ ነው፤ የአፕል ኮምፒውተሮችም የሚያትሙት በእሱ ነው። መብራት ሄዶ ፕሪንተሩ ሲጠፋ (ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ ያለው ኮምፒውተር ሳይጠፋ ይቆያል) ካፕስ የጀመረው ሥራ ይከሽፍበታል። የስህተት ደንቡ (ሥራ ሲከሽፍ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው) «ስቶፕ ፕሪንተር» ከሆነ ወረፋውን ያቆማል፤ መብራት ስለመጣ ብቻም አይከፍተውም። ሰው «ቀጥል» እስኪለው ይጠብቃል። ተበላሸ የተባለው ኮምፒውተር የታዘዘውን እየፈጸመ ነበር ማለት ነው።

መፍቻው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ብሮውዘር ከፍታችሁ በአድራሻው መስመር ላይ ሎካልሆስት፣ ሁለት ነጥብ፣ 631 ብላችሁ ጻፉ፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም። «ፕሪንተርስ» የሚለው ውስጥ የፕሪንተራችሁን ስም ስትነኩ «ፖዝድ» የሚል ካያችሁ ነገሩ ተገኘ። አስቀድማችሁ የተጣበቀውን ሥራ ሰርዙ፤ ሳትሰርዙ ከለቀቃችሁት ከገጽ አንድ ይጀምራል። ሰማንያ ገጽ ካለው ጽሑፍ አርባው ወጥቶ ከሆነ ከ41 ጀምሮ እዘዙ። ከዚያ «ሜንተናንስ» ከሚለው ዝርዝር «ሪዝዩም ፕሪንተር»ን ምረጡ፤ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ የኮምፒውተሩን ስጡት። መብራት በየቀኑ በሚሄድበት ቦታ የስህተት ደንቡን ወደ «ሪትራይ ጆብ» መቀየር ይሻላል፤ ካፕስ ራሱ ቆይቶ ደግሞ ይሞክራል።

ሁሉም ችግር በዚህ ይፈታል አልልም። ዲስክ ሲሞላ ወረፋው የሚጻፍበት ቦታ ያጣል። የኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፦ በበራ ቁጥር የውስጥ ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሩ መቀበል አለበት፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ያንን ካላገኘ በርቶም አያትምም። ኤችፒሊፕ የሚባለው ፕሮግራም ከነተጨማሪ ፕለጊኑ መጫኑን አረጋግጡ፤ ፕሪንተሩንም አጥፍታችሁ አብሩት። ሌላ ምክንያት ካለ ካፕስ የስህተት መዝገቡ ላይ ይጽፈዋል። መዝገቡን ሳይከፍቱ ፎርማት የሚያዝዙ ሰዎች የሚያናድዱኝ ለዚህ ነው። ፎርማት አድርገው ገንዘብ ይቀበላሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት መብራት ሲሄድ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል፤ እነሱም ተመልሰው ይጠራሉ።

«ደጋግመህ ፕሪንት በለው» የሚባለውም ተረት ነው። እያንዳንዱ ንክኪ አዲስ ሥራ ሆኖ ይሰለፋል፤ ወረፋው ሲከፈት አንዱ ደብዳቤ አሥር ጊዜ ይወጣል። በወረቀትና በቀለም ዋጋ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። «ሪስታርት አድርገው» የሚለው ምክርም የቆመን ወረፋ አይለቅም፤ መቆሙ ዲስክ ላይ ተመዝግቧልና።

ፕሪንተሩ ብርቱካናማ መብራት እያበራ ቢያጠፋ «ሞተሩ ሞቷል» ይሉታል። አንዳንዴ ግን ኮምፒውተሩ የተጫነው በአሜሪካ እንግሊዝኛ ስለሆነ ገጹ «ሌተር» በሚባለው መጠን ተሠርቷል። ትሪው ውስጥ ያለው ኤ4 ነው፤ ፕሪንተሩም የሌለ ወረቀት ይጠብቃል። የገጹን መጠን ኤ4 አድርጉት።

ሊኑክስ አማርኛ አያትምም የሚሉም አሉ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ አቢሲኒካና ኖቶ የሚባሉት ፎንቶች በነፃ ይገኛሉ፤ ኦሮምኛ ደግሞ ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ምንም አይቸግርም። የሚያስቸግረው በድሮ ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ነው፤ ያ ደግሞ ፎንቱ ካልተጫነ ዊንዶውስ ላይም አይነበብም።

ኮፒ ቤት ያላችሁ፣ ቴክኒሽያን «ፎርማት ይደረግ» ሲላችሁ የካፕስን የስህተት መዝገብ አሳየኝ በሉት። ማሳየት ካልቻለ ኮምፒውተሩን አትስጡት።