የአህያዋ ልብ ለምን ፈጠነ?

ሃርጌሳ ውስጥ ውኃ በጋሪ የሚያመላልሱ አህዮችን በየቀኑ እናያለን። ገና በመገራት ላይ ያለች አህያ ደረት ላይ እጃችንን ብናሳርፍ ልቧ ድው ድው ሲል ይሰማናል። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፤ ልቧ የፈጠነው ጋሪ ስለጎተተች ነው ወይስ ስለፈራች?

ያረፈች ጎልማሳ አህያ ልብ በደቂቃ በአማካይ 44 ጊዜ ገደማ ይመታል። ስትንቀሳቀስ ጡንቻዎቿ ተጨማሪ ኦክስጅን ስለሚፈልጉ ምቱ ይጨምራል። ስትፈራም እንዲሁ ነው፤ አንጎል በነርቭ በኩል ልብን ያፋጥናል፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎችም አድሬናሊን ያመነጫሉ። ሰውነቷ ሳትሮጥ ለሩጫ ይዘጋጃል ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ምክንያቱን አይነግረንም። ይባስ ብሎ አንዳንድ እንስሳ ሲደነግጥ ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ የልቡም ምት ይቀንሳል። እኛ ደግሞ "አሁን ገባው፣ ተረጋጋ" እንላለን!

ለመለየት ከፈለግን ቆማ እያለች እንለካ። ከመንጋጋዋ ሥር ባለው ደም ሥር ላይ ጣት አሳርፎ 15 ሰከንድ መቁጠርና በ4 ማባዛት ነው። አውራ ጣት ግን አይሁን፣ የራሱ ምት አለውና። በመጀመሪያ ካረፈች በኋላ፣ ቀጥሎ አለንጋው ሲታያት እንቁጠር። አንድ እርምጃ እንኳ ሳትራመድ ምቱ ከዘለለ ነገሩ የእንቅስቃሴ አይደለም። ቆጣሪው የምታውቀው ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ የሰው እጅም ቁጥሩን ይለውጣል። ከፓቭሎቭ ጋር የሠራው አሜሪካዊው ሐኪም ሆርስሊ ጋንት፣ ውሾች ሰው ሲዳብሳቸው የልብ ምታቸው ሲቀንስ አስተውሏል።

ፍርሃት ትምህርትን ይጎዳል ወይ? እ.ኤ.አ. በ1908 ይርክስና ዶድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን ከሁለት ሣጥኖች ትክክለኛውን እንዲመርጡ አስተማሩ፤ የተሳሳተችውን ኤሌክትሪክ ይነዝራታል። ልዩነቱ ግልጽ ሲሆን ንዝረቱ በጠነከረ መጠን ቶሎ ተማሩ። ልዩነቱን ለማየት ሲከብድ ግን ኃይለኛው ንዝረት አዘገያቸው፣ መካከለኛው ተሻለ። በዱላ ተገርታ ቀጥ ብላ የምትሄድ አህያ፣ መኪና በበዛበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ግራ ብትጋባ እኛ ብዙም አይገርመንም።

ክፍል ውስጥ አህያ ማስገባት ስለማይቻል በራሳችን እንሞክረው። ያረፈ ጎልማሳ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል፤ የልጆች ትንሽ ፈጠን ይላል። ተማሪዎች መጀመሪያ ተቀምጠው ይቁጠሩ፣ ከዚያ አሥር ጊዜ ቁጭ ብድግ ብለው ይቁጠሩ። አረፍ ካሉ በኋላ መምህሩ ድንገት "ደብተር ዝጉ፣ ፈተና ነው!" ይበሉና ማንም ከወንበሩ ሳይነሳ ሦስተኛው ቁጥር ይወሰድ።