ከስልክ ወደ መኪናው ቴፕ፦ ቁርኣንን በመንገድ ላይ አጥርቶ ለመስማት



የሴሚስተር እረፍት ሲደርስ ከጀመዓችን ከፊሉ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ፣ ባሕር ዳርና ጎንደር ይወርዳል፤ ከፊሉ ደግሞ በጋይንትና በጋሸና አድርጎ ወደ ወልዲያ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ይጓዛል። መንገዱ ረጅም ነው። በስልካችን ላይ ሙሉ ቁርኣን፣ ደርስ፣ ነሺዳና መንዙማ ተጭኗል። ሹፌሩ ፈቅዶ ከመኪናው ቴፕ ጋር ስናገናኘው ግን ወይ ይንኮሻኮሻል፣ ወይ አንቀጹ ሳያልቅ የራዲዮ ማስታወቂያ ይገባበታል፣ ወይ የሱራዎቹ ቅደም ተከተል ይዘበራረቃል። ለሌላ ድምፅ ይህ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። በቁርኣን ላይ ግን ያለቦታው የተቆረጠ አንቀጽ ትርጉሙ ሊዛባ እንደሚችል የወቅፍን ሕግ የተማረ ሁሉ ያውቃል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የስልኩም የቴፑም አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ነው። በዚህ ጽሑፍ መንገዶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ቴፑ ምን ይሠራል?

የመኪና ቴፕ ሥራው ሦስት ነው፦ ድምፁን ከምንጩ ይቀበላል፣ ያጎላዋል፣ ለስፒከሮቹ ይሰጣል። ከስልክ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚወጣው ድምፅ የያዘ ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው፤ በአብዛኛው 1 ቮልት አይሞላም። ለጆሮ ማዳመጫ ይበቃል፤ የመኪና ስፒከር ግን አያንቀሳቅስም። ስለዚህ ስልኩን ከስፒከሩ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ዋጋ የለውም። ኃይሉን ከመኪናው ባትሪ የሚወስደው ማጉያ ያለው ቴፑ ውስጥ ነው። ጥያቄው እንግዲህ አንድ ብቻ ነው፦ የስልኩን ድምፅ በየትኛው በር ወደ ማጉያው እናስገባው? በሮቹ አምስት ናቸው።

1. በካሴት በር

ካሴትን የፊሊፕስ ኩባንያ ለዓለም ያስተዋወቀው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። በመውሊድና በሐድራ በድቤ ታጅቦ ይሰማ የነበረው መንዙማ ወደ ሱቅና ወደ መኪና የገባውም በካሴት ነው። ዛሬም የካሴት ቴፕ የያዙ አሮጌ መኪኖች በመንገዳችን ላይ አሉ።

በካሴት ላይ ድምፅ የሚቀመጠው በማግኔት መልክ ነው። ክሩ በቴፑ ራስ ፊት ሲያልፍ ራሱ የማግኔቱን መለዋወጥ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይረዋል። ገበያ ላይ የሚገኘው ገመድ ያለው ካሴት ይህንኑ ይጠቀማል፦ ውስጡ ክር የለም፤ በምትኩ ከቴፑ ራስ ፊት ለፊት የሚገጥም ትንሽ የሽቦ ጥቅል አለ። የስልኩ ድምፅ በሽቦው ሲያልፍ ተለዋዋጭ ማግኔት ይፈጥራል፤ ቴፑም ክር ያነበበ ይመስለዋል። በመሃል የራዲዮ ሞገድ ስለሌለ ጣቢያ አይገባበትም። ድምፁ ከታፈነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቴፑ ራስ ላይ የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው፤ አልኮል በነካ ጥጥ ቀስ ብሎ መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

2. በጃክ

ቴፑ ፊት ላይ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የመሰለ 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ካለ ሥራው ቀላል ነው። ሁለት ጫፉ ጃክ የሆነ ገመድ ስልኩን ከማጉያው ጋር ያገናኘዋል። ስልኩ ይህ ቀዳዳ ከሌለው ከቻርጀር ቀዳዳው ወደ ጃክ የሚቀይር አጭር ገመድ ይፈለጋል።

እዚህ የሚያጋጥመው የታወቀ ችግር ሞተሩ ሲነሳ የሚሰማ ፉጨት ነው። ሹፌሩ ቤንዚን ሲሰጥ ፉጨቱ ይቀጥናል፤ ሲለቅ ይወፍራል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ስልኩ በመኪናው ቻርጀር እየተሞላ በጃክም ከቴፑ ጋር ሲገናኝ፣ ወደ መኪናው ቦዲ የሚመለሰው የኔጌቲቭ መስመር ሁለት ይሆናል። ሁለቱ ተገናኝተው ቀለበት ይሠራሉ፤ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ የሚፈጥረው ረብሻም በዚያ ቀለበት ዞሮ ከድምፁ ጋር ይጎላል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ቻርጀሩን ንቀሉት። ፉጨቱ ከጠፋ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው። መፍትሔው ስልኩን ከጉዞ በፊት ሞልቶ መምጣት ወይም ከተለየ ፓወር ባንክ መሙላት ነው።

3. በኤፍኤም ትራንስሚተር

ጃክም ብሉቱዝም የሌለው ቴፕ ራዲዮ ግን አለው። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ትንሽ ዕቃ የሚሠራው በዚህ ነው። ድምፁን ከስልኩ ወይም ከፍላሽ ወስዶ በኤፍኤም ሞገድ ይለቅቀዋል፤ የመኪናው ራዲዮም እንደ ማንኛውም ጣቢያ ይቀበለዋል። መኪናው ውስጥ የራሳችሁን ትንሽ ጣቢያ ከፈታችሁ ማለት ነው። ኃይሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ የሚደርሰው ጥቂት ሜትር ነው። በአንቀጽ መሃል ማስታወቂያ የሚገባውም በዚሁ መንገድ ነው።

ኤፍኤም የሚሠራው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው። የዚህ ሞገድ ጠባይ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ መሄድን ይወዳል፤ ተራራ ይከልለዋል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከበስተ ጀርባዋ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጉና አለ። ወረታ ያለችው ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በፎገራ ሜዳ ነው። መኪናው ከሸለቆ ወጥቶ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ ከሩቅ ያለ ጣቢያ ድንገት ይገለጥለታል፤ ወደ ሜዳው ሲወርድ ደግሞ ወደ ባሕር ዳር ጣቢያዎች ይቀርባል። ደብረ ታቦር መናኸሪያ ላይ ባዶ የነበረ ሞገድ አለም በር ላይ ባዶ ላይሆን ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። የኤፍኤም ራዲዮ በአንድ ሞገድ ላይ ሁለት ጣቢያ ሲመጣበት እንደ አሮጌው መካከለኛ ሞገድ ሁለቱን አደባልቆ አያሰማም፤ ጠንከር ያለውን ይይዝና ደካማውን ይጥለዋል። ስለዚህ ለውጡ ቀስ በቀስ አይመጣም፤ ቃሪኡ ሲቀራ ቆይቶ በድንገት ዜና ይሆናል።

አመራረጡ እንዲህ ነው፦

ሀ) ትራንስሚተሩን ሳትሰኩ ራዲዮውን ከፍታችሁ ሞገዶቹን ዙሩ። የሹክሹክታ ዓይነት ባዶ ድምፅ ብቻ ያለበትን ፈልጉ።

ለ) ከዚያ ቦታ በ0.2 ከፍና ዝቅ ብላችሁ ጎረቤቶቹም ባዶ መሆናቸውን አረጋግጡ። ለምሳሌ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው የአማራ ኤፍኤም ባሕር ዳርን 96.9 ብቻ ሳይሆን በግራና በቀኝ ያሉትን ቁጥሮችም ይተዋል። አዲስ አበባ ላይ ሸገር 102.1ን እና ፋና 98.1ን ጨምሮ ሞገዱ በጣቢያ ስለተሞላ ፍለጋው ይከብዳል።

ሐ) ባዶ ሆኖ ያገኛችሁትን ሁለት ሞገድ ያዙ። አንዱ ሲያዝ ወደ ሌላው ለመሻገር በመንገድ ላይ ፍለጋ አትጀምሩም።

ትራንስሚተር ስትገዙ ደግሞ የሚችለውን ቮልት አንብቡ። ሚኒባስና የቤት መኪና የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው፤ ትልልቅ አውቶቡሶችና የጭነት መኪኖች ግን ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው። ለ12 ብቻ የተሠራ ዕቃ 24 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል።

4. በብሉቱዝ

ብሉቱዝ ገመድ አያስፈልገውም፤ የሞተር ፉጨትም በዚህ መንገድ አይገባም። ችግሩ ሌላ ነው፦ ስልኩ ያለውን ድምፅ ሁሉ ይልካል። የመልእክት ጩኸት፣ የጥሪ ድምፅ፣ ሳይፈለግ የተከፈተ ቪዲዮ ሁሉ በቲላዋው ላይ ይወጣል። ስልኩን ከኔትወርክ የሚያቋርጠውን የአውሮፕላን ምልክት አብሩና ብሉቱዙን ብቻ መልሳችሁ ክፈቱ፤ ጥሪም መልእክትም አይገባም። የሚጫወተው ግን አስቀድሞ ስልኩ ላይ የወረደ መሆን አለበት። ይህ በተራሮቹ መካከል ኔትወርክ ሲጠፋ ከመቆራረጥም ያድናል።

5. በፍላሽ

ቴፑ የፍላሽ ቀዳዳ ካለው ለረጅም ጉዞ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው፤ ስልኩ ያርፋል፣ ባትሪም አይበላም። ሦስት ነገር ግን መታወቅ አለበት።

አንደኛው መጠኑ ነው። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒስሪ በሰከንድ 16 ኪሎባይት፣ በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። 30 ሰዓት የሚፈጅ ሙሉ ቁርኣን እንግዲህ 1.7 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ 4 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃዋል። አንድ ሰው ብቻውን ለሚቀራው ድምፅ 64 ኪሎቢትም ጥሩ ስለሆነ በግማሹ ቦታ ይገባል።

ሁለተኛው ፎርማቱ ነው። ብዙ የቆዩ ቴፖች የሚያነቡት ፋት32 የተባለውን ፎርማት ብቻ ነው። ፍላሹ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ ቴፑ ላይ እንቢ ካለ መጀመሪያ ይህን ተመልከቱ። ፎርማት ማድረግ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድማችሁ ገልብጡ።

ሦስተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። ቴፑ ስሞችን የሚደረድረው እንደ ፊደል ስለሆነ 1፣ 10፣ 100፣ 101 እያለ ሄዶ 2ን ከኋላ ያመጣዋል፤ ከፋቲሐ ቀጥሎ በቀራ ሳይሆን ዩኑስ ይመጣል። መድኃኒቱ ለ114ቱም ሱራ ሦስት አሃዝ መስጠት ነው፦ 001፣ 002፣ 003 እያሉ እስከ 114። አንዳንድ ቴፕ ደግሞ ስሙን ትቶ የተገለበጠበትን ቅደም ተከተል ይከተላል፤ ስለዚህ ባዶ ፍላሽ ላይ ከ001 ጀምሮ በተራ መገልበጥ ሁለቱንም ያስተካክላል። ሒፍዝ ለሚከልሱ በ30 ጁዝ የተከፈለው ይሻላል፤ የዕለቱን ጁዝ ብቻ ከፍተው ሙራጀዓ ያደርጋሉ።

የድምፁ ሚዛን

በጃክ፣ በካሴትም ሆነ በትራንስሚተር ስትጠቀሙ ሁለት የድምፅ መቆጣጠሪያ አለ፤ የስልኩና የቴፑ። ስልኩ በጣም ዝቅ ብሎ ቴፑ ከፍ ካለ፣ ቴፑ ከድምፁ ጋር ንኮሹንም ያጎላዋል። ስልኩ እስከ መጨረሻው ከተከፈተ ደግሞ ድምፁ ከአቅም በላይ ሆኖ ይሰነጠቃል፤ በተለይ ቃሪኡ ድምፁን ከፍ በሚያደርግበት ቦታ። ስልኩን ከሙሉ አቅሙ ሦስት አራተኛ ላይ አድርጋችሁ የቀረውን በቴፑ አስተካክሉ።

ከሽቦው በላይ ያለው

ድምፁ ከጠራ በኋላ የሚቀረው አዳቡ ነው። ቁርኣን ሲቀራ ማዳመጥንና ጸጥ ማለትን የሚያዘውን የሱረቱል አዕራፍ 204ኛ አንቀጽ ብዙ ሙፈሲሮች ከሶላትና ከኹጥባ ጋር አያይዘው ያብራሩታል፤ ከዚያ ውጭም ቢሆን የአላህ ቃል ለጨዋታችን ማጀቢያ መሆን እንደሌለበት ግልጽ ነው። ሁሉም ማውራት ሲጀምር ማጥፋት ከማክበር ይቆጠራል። በኋላ መቀጠል ይቻላል።

በኮንትራት የያዝነው መኪናና የሕዝብ መኪና ደግሞ አንድ አይደሉም። በሕዝብ መኪና የተለያየ እምነት ያለው፣ የታመመ፣ ሕፃን ያቀፈ መንገደኛ አብሮን ይቀመጣል። የሹፌሩን ፈቃድ መጠየቅ፣ ከጎን የተቀመጡትን እናት «እናቴ፣ ድምፁ ይረብሽዎታል?» ማለት፣ ካልተመቻቸው ወደ ጆሮ ማዳመጫ መመለስ የጎረቤት ሐቅ ነው። ሌላው ሰው የሱን መዝሙር ሲያስከፍት ከእሱ የምንጠብቀውን ትሕትና እኛም እንስጥ።

ከሁሉም በላይ ነፍስ አለ። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። እየነዱ ስልክ መነካካት በትራፊክ ደንብ የተከለከለ ነው፤ እየነዱ ሞገድ መፈለግም ከዚያ አይተናነስም። ማስተካከሉ መኪናው ከመናኸሪያ ሳይነሳ ይለቅ፤ በመንገድ ላይ የሚነካው ካለ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ይንካ። ድምፁም የሌላ መኪና ጡሩንባ እስከሚሰማ ድረስ ዝቅ ይበል።

የመንገድ ዱዓችንን ብለን፣ ሁሉን አስተካክለን እንነሳ። አላህ ጉዞአችንን የሰላም ያድርግልን፤ የምንሰማውንም የምንሠራበት ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።