ያውቁ ኖሯል? ደረት ውስጥ የሚኖረው ባትሪ

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? ሰው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበረው ፔስሜከር፣ ማለትም የልብ ምት አስተካካይ መሣሪያ፣ ቅርጹን ያገኘው ከኪዊ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ነው። ቀልድ አይደለም። ስዊድናዊው መሐንዲስ ሩነ ኤልምክቪስት ሁለት ትራንዚስተርና ትንሽ ባትሪ ቆርቆሮው ውስጥ አስቀምጦ ኢፖክሲ የሚባለውን ሙጫ አፈሰሰበት። ሙጫው ሲደርቅ ሊስትሮ እጅ ላይ የምናያትን ቆርቆሮ አክሎ ወጣ።

ያጣደፈቻቸው ደግሞ የበሽተኛው ሚስት ናት። በሽተኛው አርነ ላርሰን የልቡ የኤሌክትሪክ መስመር ተበላሽቶ በቀን ከ20 እስከ 30 ጊዜ ራሱን ይስት ነበር። ሚስቱ ኤልሰ-ማሪ «ለሰው የሚሆን ገና አልተሠራም» ቢሏት አሻፈረኝ አለች፤ ከመሐንዲሱ ወደ ሐኪሙ ኦኬ ሴኒንግ እየተመላለሰች መግቢያ መውጫ አሳጣቻቸው። ኦክቶበር 8 ቀን 1958 ምሽት ላይ፣ ስቶክሆልም አጠገብ ባለው ካሮሊንስካ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። የተገጠመው መሣሪያ በሰዓታት ውስጥ ቀጥ አለ፤ መጠባበቂያው ተተካ። ላርሰን በቀሪ ዕድሜው ከ20 በላይ መሣሪያ ቀያይሮ እስከ 2001 ኖረ። በ86 ዓመቱ የገደለው ካንሰር እንጂ ልቡ አልነበረም። መሐንዲሱም ሐኪሙም ቀድመውት ሞተዋል።

ያውቁ ኖሯል? ጤነኛ ልብ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል። ፔስሜከር ያንን ሁሉ ምት ራሱ የሚመታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የዛሬዎቹ ግን በአብዛኛው አድማጭ ናቸው፦ ምቱ በሰዓቱ ከመጣ ዝም፤ ከዘገየ ብቻ ልብን እንደሚያንቀላፋ ዘበኛ ቆንጠጥ።

ያውቁ ኖሯል? በባትሪ ከሚሠራው በፊት የነበረው ፔስሜከር ግድግዳ ላይ ካለ ሶኬት ጋር የተያያዘ ነበር። መብራት ሲጠፋስ? ኦክቶበር 31 ቀን 1957 አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ውስጥ መብራት ጠፋ። ከልብ ቀዶ ሕክምና የተረፉ ሕፃናትን የሚያክመው ዶክተር ዋልተን ሊለሄይ፣ ጋራዥ ውስጥ የሕክምና ዕቃ የሚጠግነውን ኧርል ባከንን በባትሪ የሚሠራ ነገር እንዲፈጥርለት ለመነው። ባከን ለሙዚቀኞች ምት የሚቆጥር ዕቃ አሠራር ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ላይ አግኝቶ በአራት ሳምንት ውስጥ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ፔስሜከር ሠራ። የዚያ ጋራዥ ስም ሜድትሮኒክ ነው፤ ዛሬ በዓለም ካሉት ታላላቅ የሕክምና መሣሪያ አምራቾች አንዱ።

ያውቁ ኖሯል? አሜሪካዊው ዊልሰን ግሬትባች ደግሞ የሚሠራው የልብ ድምፅ መቅጃ ነበር። ባለ 10 ሺህ ኦም ሬዚስተር ፈልጎ፣ በላዩ ያሉትን የቀለም መስመሮች አሳስቶ አንብቦ ባለ 1 ሚሊዮን ኦሙን ገጠመ። መሣሪያው መቅዳቱን ትቶ በየሰከንዱ እንደ ልብ ትር ማለት ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን ነቅሎ ይጥለው ነበር። ግሬትባች ግን ሥራውን ለቆ፣ 2,000 ዶላር ይዞ ጓሮው ውስጥ ካለው ጎተራ ገባና በሁለት ዓመት 50 ፔስሜከር በእጁ ሠራ።

ያውቁ ኖሯል? በ1970 ፓሪስ ውስጥ በፕሉቶኒየም የሚሠራ ፔስሜከር ለሰው ተገጥሟል። ለአሥርት ዓመታት ባትሪ መቀየር የለም። የሊቲየም ባትሪ መጥቶ ገበያውን ዘጋበት እንጂ።

ያውቁ ኖሯል? ልብ ያለ ሥርዓት ሲርገበገብ በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚመልሰው፣ ሐኪሞች አይሲዲ የሚሉት መሣሪያ፣ ከተቀበረ ወዳጅ ሐዘን የተወለደ ነው። ዋርሶ የተወለደው ሚሼል ሚሮውስኪ እስራኤል ውስጥ ሲሠራ አለቃውና መካሪው በዚሁ ሕመም ሞቱበት። ሐኪም ሁልጊዜ አጠገብ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ማሽኑ ራሱ ደረት ውስጥ ይግባ ብሎ ባልቲሞር ወረደ። ሐሳቡን በአደባባይ ካጣጣሉት አንዱ በርናርድ ላውን ነው፤ የዛሬው ከውጭ የሚሰጠው የልብ ንዝረት ሕክምና አባት! ሚሮውስኪ መሣሪያው የተገጠመለት ውሻ ወድቆ ሲነሣ በፊልም ቢያሳይ፣ ውሻው መውደቅና መነሣት ተለማምዷል ብለው የጠረጠሩም ነበሩ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1980 በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ለመጀመሪያዋ ታካሚ ተገጠመና ክርክሩን ሥራው መለሰው።

ያውቁ ኖሯል? ምንም የማያደርግ፣ ማየት ብቻ ሥራው የሆነ መሣሪያም አለ። ሉፕ ሪከርደር ይባላል። ከክብሪት እንጨት ብዙም የማይረዝም ሲሆን አካባቢው ብቻ ደንዝዞ በደቂቃዎች ውስጥ ከቆዳ ሥር ይገባል። በዓመት አንድ ሁለቴ ድንገት ለሚወድቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም፤ የአንድ ቀን የኢሲጂ ምርመራ ያንን ቅጽበት መቼ ያገኘዋል? ይህ ግን ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይጠብቃል።

ያውቁ ኖሯል? ከ2016 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ማይክራ የሚባል ፔስሜከር 2 ግራም ብቻ ይመዝናል። ገመድ የለውም፤ በጭን የደም ሥር ተጉዞ ልብ ውስጥ ይሰካል።

ያውቁ ኖሯል? ብዙ ፔስሜከሮች ባለቤታቸው ሲንቀሳቀስ ምቱን ያፋጥናሉ። የቀድሞዎቹ በንዝረት ስለሚያውቁ ኮሮኮንች መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ደረጃ የሚወጣ ይመስላቸው ነበር። የእኛን መንገድ ቢያዩ ምን ሊሉ ነው!

ያውቁ ኖሯል? የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ዲክ ቼኒ፣ ጠላት ከሩቅ እንዳይገባበት ተብሎ የልብ መሣሪያቸው የገመድ አልባ ግንኙነት በ2007 እንዲዘጋ አድርገዋል። ማጋነን መስሎ ነበር። በ2017 ግን 465 ሺህ ያህል ፔስሜከሮች ለዚሁ ስጋት የሶፍትዌር ማሻሻያ ተዘጋጀላቸው።

ያውቁ ኖሯል? የፔስሜከር ባትሪ ሲደክም ባትሪው ብቻ አይቀየርም፤ ሙሉ ሣጥኑ ይወጣል፣ ጤነኛ የሆኑት ገመዶች ግን ባሉበት ይቀራሉ። አስከሬን በሚቃጠልባቸው አገሮችም መሣሪያው ቀድሞ ይወጣል፣ እሳት ውስጥ ይፈነዳልና።

እርስዎ ወይም ዘመድዎ ፔስሜከር ወይም አይሲዲ ካለዎት፦ ስልክ በደረት ኪስ አይያዙ። ስልኩ ውስጥ ያለው ማግኔት አይሲዲውን ንዝረት እንዳይሰጥ ሊያደርገው ስለሚችል ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ያርቁት። ኤርፖርት ሲደርሱ የመሣሪያውን ካርድ ያሳዩ፤ በእጅ የሚያዘውን መፈተሻ ደረትዎ ላይ እንዳያቆዩትም ይንገሯቸው።